በጥፍሩ የሚያንኳኳው

ጥቅምት 6

ዛሬም ዩኒፎርም። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ... የደብረ ማርቆስ ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን ነው እንዴ የረዘመው? ከስፌት መኪናው ስነሣ ወገቤ እምቢ አለኝ። እንደ ጎበጥኩ ነው ቤት የደረስኩት።

እማማ የብርጓል ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የመጨረሻዋን ፀሐይ ይሞቃሉ። "ዛሬስ እንዴት ዋሉ?" አሉኝ። ስለ ጢንዚዛዎቹ እኮ ነው። ስለ እኔ ቢጠይቁ ምን ነበረበት? አማት!

ጓዳ ገባሁ። ሦስቱ ባልዲዎች ባሌ አማረ እንደተዋቸው ናቸው። አፈራቸውን በመዳፌ ነካሁት፤ ደርቋል። በጣቴ ውሃ ረጨት ረጨት አደረግሁ፤ ሊተኮስ ባለ ልብስ ላይ እንደሚረጨው። እሱ ነው ያሳየኝ። "አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጠጣ" ይል ነበር። ቢጠጣስ? ስለው... "ያለ ጊዜያቸው ይወጣሉ።"

በርሜሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ትልልቆች ደህና ናቸው። ባለ ቀንዱና ሚስቱ። አንዱ ብቻ መዳፌን ይሞላል። ጥቁር፤ ቀለም እንደተቀባ ጫማ የሚያብረቀርቅ። እጠላቸዋለሁ። ድሮም እጠላቸው ነበር። የሰው ባል ይጠጣል፣ የሰው ባል ይዞራል፤ የእኔ ባል እበት ቀባሪ ጢንዚዛ ያረባል! ኮሌጁ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ የዋለው አልበቃው ብሎ ቤቴን ላብራቶሪ አደረገብኝ።

ሐምሌ ላይ ነው የሄደው። "ቁይ መስኩ ላይ አዲስ የጢንዚዛ ኳስ ቆፍሬ ልምጣ" ብሎ፣ ቦርሳውን አንግቶ። ክረምቱ ወጣ። እሱ አልመጣም።

በሩን ዛሬም አልቀረቀርኩም፤ ገርበብ አድርጌ ተውኩት። አማረ በር በጡጫ አንኳኩቶ አያውቅም። በጥፍሩ ነው የሚጭረው፤ ጫር፣ ጫር፣ ጫር። ተቀርቅሮ ካገኘው ሰው ላለመቀስቀስ ደጅ የሚያድር ዓይነት ሰው ነው። ለእማማ ስል ነው እንጂ እኔማ... ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ጥቅምት 19

ጎረቤታችን ዘመናይ ትኩስ እበት በጣሳ ሰጠችኝ። "ሰው ለላሙ ሣር ይለምናል፤ አንቺ ከላሟ እበት ትለምኛለሽ!" ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ... "ሰፈሩ ምን እንደሚል ሰምተሻል? ድግምት ነው ይላል። ባሏን አስራ ያስቀመጠችው እዚያ ባልዲ ውስጥ ነው ይላል።"

አማረን? ባልዲ ውስጥ? ያን ረጅም ሰውዬ?

እዚያው ሳቅሁበት። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ባልዲዎቹን ሳያቸው የሚያዩኝ መሰለኝ።

እንዲህ ነበር ያስረዳኝ። እናቲቱ በሰኔ ዝናብ እበቱን መሬት ውስጥ ትቀብራለች። አድበልብላ ኳስ ታደርገዋለች፤ ከጡጫ የሚበልጥ። መሐሉ አንዲት እንቁላል። ላዩን በጭቃ ትለስነዋለች። ይደርቅና ሸክላ ይሆናል። ትሉ ከውስጥ እየበላ ያድጋል፣ ጢንዚዛ ይሆናል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ዝናብ ካላራሰለት ሰብሮ መውጣት አይችልም።

"ታዲያ ታስሮ አይደል?" አልኩት።

"ታስሮ ሳይሆን ተጠብቆ ነው፣ ሥራነሽ።"

የቱ ነው ልዩነቱ? ሳልጠይቀው ሄደ።

ኅዳር 3

ጓዳው ሸተተኝ። አንደኛውን ባልዲ ገለበጥኩ፤ ኳሱን ጉንዳን ቦርቡሮ ጨርሶታል። ሁለተኛው ሻግቷል፤ ስነካው እጄ ላይ ፈረሰ። ትሉ እንደ በሰበሰ ወይራ ጠቁሯል። አውጥቼ ጓሮ ደፋሁት።

ሦስተኛው ደህና ነው። ትልቁ። አማረ በጣም የሚወደው። ሰኔ ላይ ስንጥቅ አግኝቶበት ነበርና በጭቃ ደፈነው፤ አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ። አሻራው እንዳለ ደርቆ ቀርቷል። መስመሮቹ ሁሉ ይታያሉ። አውራ ጣቴን ብገጥምበት... ሰፋኝ።

እማማ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ፊታቸው ጠቆረብኝ። ላጽናናቸው ብዬ፣ "አይዞዎት፣ ይህ አንዱ አለ። ይህ ከወጣ እሱም ይመጣል" አልኳቸው። ኳሱን ትኩር ብለው አዩት። አምነውኛል መሰለኝ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። የነፍስ አባታችን አባ ኃይለ ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ጎራ አሉ። ቡናም ጠላም አልፈለጉም፤ ንግግራቸውን ነበር ይዘው የመጡት።

"ልጆቼ፣ አምስት ወር ሊሆነው ነው። ሬሳ ባይገኝም ፍትሐት ይደረጋል። ለቅሶ ተቀመጡ። እርማችሁን አውጡ።"

እማማ አባን አላዩም። እኔን አዩ። ዓይናቸው ላይ ያየሁትን ፍርሃት... ፈጥኜ፣ "እማማ አይችሉም አባ። ይተዉአቸው" አልኩ።

አባ እማማን ጠየቁ። "እሷ እንዳለችው" አሉ እማማ።

አያችሁ? ምስኪን። ልባቸው አልቆረጠም።

ኅዳር 25

ሦስት ጥቁር ቀሚስ ሰፋሁ። የእነ ወለተ ሰንበት አባት ሞቶ። የሰው ሐዘን ስሰፋ እጄ አይንቀጠቀጥም። እንዲያውም ጥሩ አድርጌ ነው የምሰፋው።

ታኅሣሥ 8

አሊ መጣ። ጨርቅ የሚያመጣልን ነጋዴ፤ ቁይ ገበያ የማይቀር። ሁልጊዜ ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነው የሚያወራው። ዛሬ ጣቃ አልዘረጋም። ሌሎቹ ሰፊዎች ለምሳ እስኪወጡ ጠበቀ።

"እህቴ ሥራነሽ፣ ይህን ታውቂው እንደሆነ ብዬ..."

አረንጓዴ የሸራ ቦርሳ። ማንገቻው በቀይ ክር የተሰፋ። አረንጓዴ ክር አልቆብኝ ነበር ያን ቀን። አማረ፣ "ለጢንዚዛ ማን ክር ያያል?" ብሎ ሳቀብኝ።

"የወንዙ ውሃ ሲጎድል ከድንጋይ ሥር ተገኘ" አለ አሊ። "የወንዙ ማዶ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ሐምሌ ላይ ሙላቱን ሲሻገር ያዩት አሉ። ሲወጣ ያየ የለም። አላህ ያጽናሽ።"

"ማንን ነው የምታጽናናው?" አልኩት። ክፉ ሆኜ ነው የተናገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ውስጡ ደለል ነው። ከደለሉ መሐል አንድ ኳስ፤ ሟሙቶ፣ ቅርጹ ብቻ የቀረ። አግኝቶ ነበር ማለት ነው። ይዞልኝ እየመጣ ነበር።

ታኅሣሥ 9

ቦርሳውን ጓዳ ውስጥ ከባዶዎቹ ባልዲዎች ኋላ ደበቅሁት። እማማ ካዩት ይሞታሉ። ቦርሳ ደግሞ ሰው አይደለም። ቦርሳ ከሰው ትከሻ ይወድቃል። ይወድቅ የለም እንዴ?

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው።

ታኅሣሥ 24

ባለ ቀንዱ ሞተ። ሚስቱ ከሳምንት በፊት ነበር የሞተችው፤ አልጻፍኩትም። እግሮቹን ሰብስቦ በጀርባው ተኝቷል። ጓሮ ቀበርኩት። ዘመናይ በአጥር ቀዳዳ አይታ አማተበች። ነገ ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

አንዱ ኳስ ብቻ ቀረ።

ጥር 2

ተንቀሳቀሰ።

ልብስ ልቀይር ጓዳ ገብቼ ነበር። ገና ብርሃን ነው። ጫር፣ ጫር፣ ጫር... ዝም። በሩ መስሎኝ ሮጥኩ። ደጅ ማንም የለም። ዶሮዎች ብቻ። ተመለስኩ። ጫር፣ ጫር፣ ጫር።

ከባልዲው ነው። ከውስጥ ነው።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጢንዚዛ መሆኑን አውቃለሁ። ትሉ ጢንዚዛ ሆኗል፤ ግድግዳውን ይሞክራል፤ አማረ ነግሮኛል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ለምን ሦስቴ? ለምንስ አርፎ እንደገና?

"ማነህ?" አልኩት። እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ። ባልዲን።

እማማ ደጃፉ ላይ ሆነው ሰምተውኛል።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። እማማ በቢጫዋ ጀሪካን ጠበል ይዘው መጡ። ለጉልበታቸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ኪዳነ ምሕረት እየተመላለስኩ እቀዳለሁ አሉ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ለጉልበቱ ብሎ ዳገት ይወጣል? ይሁን። ከቤት መውጣታቸውም ደግ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "ዛሬስ ጫረ?"

"ጫረ እማማ።"

"መቼ ይወጣል?"

"ዝናብ ሲመጣ። ሰኔ።"

"ሰኔ..." ይሉና ይተክዛሉ። ጓጉተው። ልጃቸውን ጓጉተው።

የካቲት 5

አፈሩ ርጥብ ነው። እኔ አላጠጣሁም። ሦስት ቀን ሙሉ አልረጨሁም፤ ሥራ በዝቶብኝ። ጣቴን ሰደድኩት፤ እስከ ሥር ርሷል።

የካቲት 9

አሁንም ርጥብ ነው። ጣሪያውን አየሁ፤ አያፈስም። ደግሞ የምን ዝናብ በየካቲት?

"እማማ፣ ባልዲው ላይ ውሃ አድርገው ነበር?"

"እኔ? እኔ ምን አውቄ ልጄ። ያንቺና የሱ ሥራ አይደል።"

የእኔና የሱ። እኔ ካላጠጣሁ እንግዲህ...

አልጽፈውም።

የካቲት 10

እጽፈዋለሁ። ማንም አያነበው። እኔ ስፌት ቤት ስውል፣ እማማ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ሊገባ ይችላል። መጥቶ አጠጥቶ ቢሄድስ? ሰው ከሚስቱ ይልቅ ጢንዚዛውን ሊያይ ይመጣል? አማረ ከሆነ ይመጣል።

ይህን ስጽፍ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተነሥቼ በሩን አየሁ።

የካቲት 23

ቦርሳው የለም።

ከባልዲዎቹ ኋላ ነበር። እጄን ሰደድኩ፤ ግድግዳ። ባልዲዎቹን አነሣሁ። በርሜሉን ገፋሁ። የለም። የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀ ደለል ብቻ ተርከፍክፏል።

መጥቶ ወሰደው። ቦርሳው የሱ ነው፤ ወሰደው። ለእማማ ምንም አልነገርኩም። ምን ብዬ? ሳያዩት የደበቅሁትን ነገር ጠፋ ብዬ?

ራት ላይ አንድ ሳህን አብልጬ አቀረብኩ። እማማ ሳህኑን አዩት። አንሥተው አስቀመጡት።

የካቲት 28

ስፌት ቤት አልሆነልኝም። ኮሌታውን ገልብጬ ሰፋሁ። መፍታት ነበረብኝ። "ምነው ሥራነሽ፣ ከስተሻል" ይሉኛል። ጾም ነው እላለሁ። ጾሙ ደግ ሽፋን ሆነልኝ።

መጫሩ በርትቷል። አሁን ከደጅም ይሰማል።

መጋቢት 4

ዛሬ ሥራ አልሄድኩም። እማማ "ልሂድ" ብለው ሲወጡ እኔም የወጣሁ አስመስዬ ዘመናይ ቤት ገባሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ቤታችንን ጠበቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት። ፊቱን ማየት።

ቀትር ላይ እማማ ተመለሱ። ጀሪካኑን ይዘው። ገቡ። ተከትዬ ገባሁ፤ ጫማዬን አውልቄ።

ጓዳ ውስጥ ተንበርክከዋል። ጀሪካኑን አዘንብለው ጠበሉን ኳሱ ላይ ያወርዱታል፤ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው።

"እማማ!"

ደነገጡ። ውሃው ፈሰሰ።

"ያለ ጊዜው ይወጣል! ስንቴ ነገርኩዎት?"

"ነግረሽኛል" አሉ። "ለዚህ እኮ ነው የማጠጣው።"

አልገባኝም።

"ይውጣ ልጄ። ይውጣና ይልቀቅሽ። 'ይህ ከወጣ እሱም ይመጣል' ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ መቼ ወጣኝ? ከባልዲ ጋር ስታወሪ ሰማሁ። ሳህን ስታቀርቢ አየሁ። እስከ ሰኔ ምን ይተርፍሻል? ሙት ይዞ ይሞታል። የወጣ ዕለት አለመምጣቱን ታዪዋለሽ ብዬ ነው።"

"አማረ..."

"አማረ ሞቷል። የወለድኩት እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ ነው ሆዴ የነገረኝ። በኋላም ሳጠጣ ቦርሳውን ከባልዲዎቹ ኋላ አገኘሁት።"

"ታዲያ ለምን እርምዎን አላወጡም? አባ ሲለምኑዎት!"

"ብቻዬን?" አሉ። "አንቺ በር ገርበብ አድርገሽ እየጠበቅሽው እኔ ጥቁር ልልበስ? በሬን ልዝጋብሽ?"

ስምንት ወር ሙሉ ለሳቸው ስል... ለሳቸው ስል አልኩ። እዚህ ደብተር ላይ ስንቴ ጽፌዋለሁ!

ያኔ ኳሱን አየሁት። ልሙጥ ሆኗል። ስንጥቁ የተደፈነበት ቦታ ጭቃው ረጥቦ ወርዷል። መስመሮቹ የሉም።

"አሻራው!" ጮህኩ። "የጣቱ አሻራ ነበር እማማ! አጠቡት!"

"የምን አሻራ?"

ነገርኳቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። አላወቁም ነበር። እጃቸውን አነሡት፤ ጣታቸው ላይ ያ ቀይ ጭቃ አለ። አዩት። ሊጠርጉትም አልቻሉ፣ ሊያስቀምጡትም አልቻሉ። "እኔ... በገዛ እጄ..." አሉና እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጭቃውን ሳሙት።

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

መጋቢት 5

እማማ ሳጥናቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ቦርሳው ታጥቦ ታጥፏል። ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ። ታኅሣሥ ላይ ነው ከአሊ የገዙት። "ልክሽን አላውቅም ነበር" አሉ፤ "አሊ ይበቃችኋል ብሎ ቆረጠልኝ።" ያ ሰውዬ ከዚያ ወዲህ ስንቴ መጥቶ ዓይኔን ሳያይ ሄደ።

ያን ዕለት አባ ፊት ዓይናቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ለእኔ ኖሯል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

መጋቢት 11

ወጣ።

አመሻሽ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሻማ አብርተን ባልዲውን ወደ ሳሎን አውጥተነው ተቀምጠናል። እማማ በርጩማ ላይ፣ እኔ መሬት። ጫር፣ ጫር... ከዚያ መቁጠር የማይቻል ሆነ። ሸክላው ተሰነጠቀ። መጀመሪያ አንድ እግር። ጥርስ ጥርስ ያለው፣ በመጋዝ የተቆረጠ የሚመስል። ከዚያ ቀንዱ።

"ጥፍሩን እይው" አሉ እማማ። "በዚህ ነው የሚጭረው?"

"በዚህ ነው።"

ጢንዚዛ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ጭቃ የለበሰ፣ ዓይኑ የማያየን፣ የራበው ጢንዚዛ። ፊቱን ለማየት የጓጓሁት ይህን ነው። ለረጅም ጊዜ አየሁት። አልጠላሁትም።

ክንፉን ዘረጋ። ተነሣ። የቤቱን ግድግዳ መታ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተነሣ። ጩኸቱ ቤቱን ሞላው።

"ክፈቺለት" አሉ እማማ።

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሻማው ጠፋ። በጆሮዬ ስር አለፈ፤ ነፋሱ ጉንጬን ነካኝ። ወደ ዘመናይ በረት በኩል ሄደ።

ደጁን አየሁ። መንገዱን አየሁ። ማንም አልመጣም። ማንም እየመጣ አይደለም።

"ልጄን!" አሉ እማማ ከኋላዬ። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላቸው አይመስለኝም ነበር። "አማረ! ልጄን! ወንዝ የበላብኝ ልጄን!"

እኔም ጮህኩ። ደረቴን መታሁ። ነጠላዬን አሸረጥኩ። ዘመናይ በአጥሩ ዘላ መጣች። ከዚያ ሰፈሩ መጣ። ድግምት ነው ያለው ሰፈር መጥቶ አብሮን አለቀሰ፤ ድንኳን ተከለ፤ ንፍሮ ቀቀለ።

መጋቢት 15

ሁለት ጥቁር ቀሚስ ሰፋሁ። የራሴን ልክ ለክቼ አላውቅም ነበር፤ እማማ ሜትሩን ያዙልኝ። የራሴው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። ዳር ዳሩን በቀይ ክር ዘመዘምኩት፤ ከውስጥ ነው፤ ማንም አያየውም።

አባ ኃይለ ሚካኤል ፍትሐቱን አደረሱ። አሊ ከነባለቤቱ ለቅሶ ደረሰ። ይቅርታ ጠየቅሁት። "የምን ይቅርታ፣ እህቴ" አለ።

እናቴ ከደብረ ወርቅ መጥታ፣ "አርባው ሲወጣ ይዣት ልሂድ?" አለች። እማማ፣ "እሷ ታውቃለች" አሉ። እኔ እስካሁን አላወቅሁም። ግን ማንም አላጣደፈኝም።

ሰኔ 4

ዝናብ። የመጀመሪያው እውነተኛ ዝናብ።

ካባራ በኋላ ዘመናይ ጠራችኝ። "ነይ እይ፣ እበትሽ ተሰርቋል!" በረቱ ኋላ እበት ላይ ጉድጓድ፤ ዳሩ ላይ የተቆለለ ርጥብ አፈር። አንድ ነገር እየቀበረ ነው። የኛው ይሁን ሌላ፣ ምን አውቃለሁ። በእግር እንዳይረገጥ ድንጋይ አስቀመጥኩበት።

ባዶዎቹን ባልዲዎች አጥቤ ደፋኋቸው።

አመሻሽ ላይ በሩን ዘጋሁት። መቀርቀሪያው ዝጓል፤ እምቢ አለ። የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባሁትና ገፋሁት። ገባ።

"ቀረቀርሽው?" አሉ እማማ ከመኝታቸው።

"ቀረቀርኩት።"

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሲስቡ ሰማሁ።

"ደግ አደረግሽ። ይህን ሁሉ ወር ብርዱ ጨርሶኝ ነበር።"